ትሪ፣ ኮኮፒት፣ ዘርና አምፖል፦ ለበልግ ችግኝ ቤት ውስጥ ለሚያፈላ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው የትኛው ይገዛ?

አፈሩ 10 ዲግሪ ሆኖ የተዘራ የቲማቲም ዘር እስኪበቅል 43 ቀን ይፈጅበታል። አፈሩ 15 ዲግሪ ከሆነ 14 ቀን፣ 20 ከሆነ 8 ቀን፣ 25 ከሆነ 6 ቀን ይበቃዋል። ቃሪያማ በ10 ዲግሪ ጭራሽ አይበቅልም፤ 15 ላይ 25 ቀን ያስጠብቃል፣ 25 ላይ ግን በ8 ቀኑ ብቅ ይላል። ደሴ ላይ «ይሄ ዘር ሙት ነው» ተብሎ የሚደፋው ዘር ብዙ ጊዜ ሙት አይደለም፤ በርዶት ነው። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ሜዳ ሜዳውንም አመዳይ ይመታዋል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያተርፋል። ለሰው ትንሽ ናት፣ ለቃሪያ ዘር ግን የሁለት ሳምንት ልዩነት ናት።

የበልጉ ዝናብ በየካቲት ሲገባ ችግኙ ደርሶ መጠበቅ ካለበት ሥራው በታኅሣሥ ቤት ውስጥ ይጀመራል። ለዚህ ሥራ ተብለው የሚሸጡት ዕቃዎች በእርሻ መድኃኒትና ዘር መሸጫዎች፣ በፕላስቲክ ዕቃ ቤቶችና በሰኞ ገበያ ይገኛሉ። የሱቅ ስም አልጠራንም፤ ዋጋም አልጻፍንም፣ ጽፈነው ሳይደርቅ ይቀየራልና። የምንመዝነው ዕቃውን ነው። ለሚቸኩል ሰው ፍርዱ ይኸው፦ ያለችው ብር ትንሽ ከሆነች መጀመሪያ ቀኑ የታወቀ ዘር፣ ቀጥሎ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ይገዛባት። ትሪ ብር ሲተርፍ ነው። በካርቶን የታሸገው «ሙሉ የችግኝ ማፍያ» ደግሞ ባይገዛ ይሻላል።

ትሪው

የተለመደው ጥቁር የፕላስቲክ ትሪ ወደ 54 በ28 ሴንቲ ሜትር ነው። 50፣ 72፣ 128 ወይም 200 ጉድጓድ ሊኖረው ይችላል። ሻጩ 200 ያለውን «ብዙ ይይዛል» ብሎ ያነሳዋል፤ እውነቱን ነው፣ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚይዘው አፈር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም፤ ስለዚህ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ በቀን ሁለቴ ውኃ ይጠይቃል። ያ ትሪ ሠራተኛ ቀጥሮ ሽንኩርትና ጎመን ለሚያፈላ ገበሬ የተሠራ ነው። ቤት ውስጥ ለቲማቲምና ለቃሪያ 50 ወይም 72፣ ለጥቅል ጎመን፣ ለሰላጣና ለቆስጣ 128 ይበቃል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ትሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ በስሱ ጠምዝዙት። እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው ስስ ትሪ በውኃ ከራሰ አፈር ጋር ሲነሳ መሐሉ ይሰነጠቃል፤ 72 ጉድጓድ ያለው ትሪ ሞልቶ ሲርስ ሁለት ሦስት ኪሎ ይመዝናልና። ወፈር ያለው አራት አምስት ወቅት ያገለግላል። ሁለተኛ፣ ገልብጣችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ የፍሳሽ ቀዳዳው ያልተበሳ ጉድጓድ አይጠፋም። ቤት ወስዶ በጋለ ምስማር መብሳት ይቻላል፣ ሳይታይ ከተዘራበት ግን እዚያ ጉድጓድ ያለው ሥር ይበሰብሳል።

ያገለገለ ትሪ የሚገዛም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ብቻ በሳሙና ታጥቦ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በተቀላቀለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ከዚያ በደንብ ይለቅለቅ። ያለፈው ዓመት በሽታ ከትሪው ግድግዳ ላይ ነው የሚጠብቀው።

ትሪ የሌለው ሰው አብሽር። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ተቆርጦ፣ ወለሉ አራት አምስት ቦታ በምስማር ተበስቶ፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ ከ72ቱ ትሪ ይበልጣል፤ ሥሩ ጥልቀት ያገኛል። ለደን ችግኝ የሚያገለግለው ጥቁር ላስቲክም ይሆናል። የእንቁላል ካርቶን ግን ይቅርባችሁ። ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቅ ነው፣ ውኃውን ራሱ መጥጦ አፈሩን ያደርቃል፣ በሦስተኛው ሳምንት ሻግቶ ይፈርሳል። ፎቶ ላይ ያምራል፣ እሱን አንክድም።

በካርቶን የታሸገው

ትንሽ ትሪ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክዳን፣ በውኃ የሚያብጥ እንክብል አፈር፣ አንዳንዴም ሮዝ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ መብራት አንድ ላይ ተደርጎ ይሸጣል። በውስጡ ካሉት ሁሉ የሚጠቅመው ክዳኑ ነው፣ የሚገድለውም ክዳኑ ነው። ዘሩ እስኪበቅል እርጥበትና ሙቀት ይይዛል፤ የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ብቅ ሲሉ ግን በዚያው ቀን መነሳት አለበት። ከተተወ ውስጡ ላብ ያልበዋል፣ ንፋስ አይገባም፣ የቡቃያው አንገት መበስበስ ይጀምራል። ክዳኑ እንደተዘጋ ትሪውን ፀሐይ ላይ ያስቀመጠው ሰው ደግሞ ቡቃያውን ይቀቅለዋል። ነጭ ፌስታል በሃይላንዱ አፍ ላይ ደፍቶ በላስቲክ ማሰር ያንኑ ሥራ በነፃ ይሠራል።

እንክብሉን የሸፈነው መረብ ይበሰብሳል ይባላል፤ አፈር ውስጥ ግን ረዥም ጊዜ ሳይበሰብስ ቆይቶ ሥሩን ያንቀዋል። የገዛችሁ ከሆነ ችግኙን ስታዛውሩ መረቡን በመቀስ ቀዳችሁ አውጡት። ሮዟ መብራት ለአንድ ኩባያ በሶብላም አትበቃ።

አፈሩ

ኮኮፒት ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራ ደረቅ ጡብ ነው። 650 ግራሙ በውኃ ሲፈታ 8 ወይም 9 ሊትር ይሆናል፤ ያ ሦስት ያህል የ72 ትሪ ይሞላል። ውኃ ይይዛል፣ አየር ያስገባል፣ የአፈር በሽታ ይዞ አይመጣም፣ ለዘር ማብቀያነት ከዚህ የተሻለ የለም። ሁለት እንከን ግን አለበት፤ ማሸጊያው ላይ ሁልጊዜ አይጻፉም። ያልታጠበ ኮኮፒት ጨው አለበት፤ ስለዚህ በሳፋ ፈትታችሁ በጨርቅ እየጨመቃችሁ ውኃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀይሩ፣ ቡናማው እየሳሳ እስኪሄድ። ሁለተኛው፣ ምግብ የለውም። ዘር የራሱን ስንቅ ይዞ ስለሚበቅል ለሁለት ሳምንት ችግር የለም፤ እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች ቀጥሎ የሚመጣውን) ካወጣ በኋላ ግን ኮኮፒት ብቻ ላይ ያለ ችግኝ ይገረጣል፣ ቆሞ ይቀራል። ወይ ሲሶ ያህል የተጣራ ብስባሽ መቀላቀል፣ ወይ ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በሳምንት አንዴ 10 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ አሟምቶ ማጠጣት ነው፤ ከዚያ ቅጠሉን በንፁህ ውኃ ማርጠብ አይረሳ። «ትንሽ ልጨምርለት» ያለ ሰው የቅጠሉን ጫፍ አቃጥሎ ያየዋል።

ኮኮፒት ለማይገዛ ሰው የቆየው ልክ ይሠራል፦ ሦስት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ሁሉም በወንፊት የተነፋ። የዋልካ አፈር አይሆንም። ሲርስ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ከትሪው ግድግዳ ተላቅቆ ይሰነጠቃል፣ ሥሩንም አብሮ ይበጥሰዋል። በብስባሹ ፋንታ ፍግ ከገባ ትኩስ እንዳይሆን፤ የበሰለ ፍግ የአዛባ ሽታ የለውም፣ የዝናብ አፈር ይሸታል፣ ገለባውም ተለይቶ አይታይም። የወንዝ አሸዋ ታጥቦ ይግባ።

ይህ ድብልቅ ከነበሽታው ነው የሚመጣው። በብረት ድስት ወይም በአሮጌ ምጣድ ላይ ረጠብ አድርጎ ሸፍኖ፣ መሐሉ 80 ዲግሪ ሲደርስ ለግማሽ ሰዓት ማቆየት በሽታ አምጪውን ሻጋታና የአረም ዘሩን ይገድላል። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ትንሽ ድንች መሐሉ ላይ ቅበሩ፤ ድንቹ ሲበስል አፈሩም በስሏል። እንዲጨስ ግን አይተው፤ ያረረ አፈር ራሱ ቡቃያ ይጎዳል። ሽታው ለቤተሰቡ ደስ አይልም፤ ደጅ ቢሠራ ይሻላል።

ለመዝራት ሲዘጋጅ እፍኝ አንስታችሁ ጨብጡት። ሲለቁት ቅርጹን ይዞ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ልክ ነው። በጣቶች መሐል ውኃ ካንጠባጠበ በዝቷል።

ዘሩ

እዚህ ላይ ነው ብሩ መውጣት ያለበት፣ እዚህም ላይ ነው ሰው የሚታለለው።

የታሸገ ጣሳ ወይም ፖስታ ላይ የዝርያው ስም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የተመረመረበት ቀንና የመብቀል አቅሙ በመቶኛ ይጻፋል። አራቱም ሲኖሩ ግዙ። ችግሩ ጣሳው ለጓሮ ሰው ይበዛል። አንድ ግራም የቲማቲም ዘር ወደ 300 ፍሬ ነው፤ 50 ግራም የሚገዛው ባለ ማሳ ነው። ስለዚህ ሻጩ ጣሳውን ከፍቶ በሻይ ማንኪያ እየሰፈረ በፌስታል ቋጥሮ ይሸጣል። በዚህ ክፋት የለበትም፤ ጥያቄው ጣሳው የተከፈተው መቼ ነው የሚል ነው። ጣሳውን አሳዩኝ በሉና ጀርባውን አንብቡ። ጣሳው መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው፣ ክዳኑ ሳይገጠም ከተቀመጠ ቀኑ አዲስ ቢሆንም ተዉት። የሽንኩርትና የፓርስሌ ዘር አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ነው የሚቆየው። ቃሪያ ሁለት ሦስት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን አራት አምስት ዓመት ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቆያሉ። ያለፈው ዓመት ሽንኩርት ዘር በግማሽ ዋጋ ሲሰጥ ርካሽ አይደለም።

ጥርጣሬ ካለ 20 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ሶፍት ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀምጡ። ቲማቲም በሳምንት፣ ቃሪያ በአሥር ቀን፣ ጎመን በአምስት ቀን መልስ ይሰጣል። 17 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ አንድ አንድ ፍሬ ዝሩ፤ 10 ገደማ ከሆነ ሁለት ሁለት፤ ከ8 በታች ከሆነ ቀሪውን ድፉት።

ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የተለወሰ ነው፤ በእጅ ከነኩት በኋላ መታጠብ፣ የተረፈውንም ለዶሮ አለመስጠት ነው። ጣሳው ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለ ዲቃላ ነው፤ ገሊላ የሚባለው ቲማቲም እንዲህ ያለ ነው። ምርቱ ጥሩ ነው፣ ከፍሬው ዘር አስቀርቶ መልሶ መዝራት ግን እናቱን የማይመስል ልጅ ያመጣል። ዘር ማስቀረት የሚፈልግ ሰው ሮማ ቪኤፍን ወይም መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣውን መልካ ሾላን ይያዝ። ለቃሪያ ማረቆ ፋና ይታወቃል፤ ለሽንኩርት ቦምቤ ቀይና አዳማ ቀይ፤ ለጥቅል ጎመን ኮፐንሃገን ማርኬት፤ ለቆስጣ ፎርድሁክ ጃያንት።

ዝርያው ጥሩ ሆነ ማለት ቦታው ተስማማው ማለት አይደለም። ኮምቦልቻ ቲማቲምና ቃሪያ ደጅ ላይ ይሆናል። ደሴ ላይ ቲማቲም ዝናብ ሲመጣ በብርድና በእርጥበት ላይ የሚበረታው የዋግ በሽታ ቅጠሉን በሳምንት ያጠቁረዋል፤ ከጣሪያ ሥር በረንዳ ላይ ወይም በላስቲክ ካልተሸፈነ ድካም ነው። ደሴዎች ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ላይ ቢያተኩሩ ዘራቸው አያሳፍራቸውም። ካሮት በትሪ አይፈላም፤ ሲዛወር ሥሩ ሹካ ይሆናል፣ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል።

ለሽታ ቅጠል ዘር ቤት መሄድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ለወጥ የሚሸጠው ያልተቆላ ድንብላል ይበቅላል፤ ክቧ ፍሬ በውስጧ ሁለት ዘር ስለያዘች በጠርሙስ ጎን በስሱ ደፍጥጣችሁ ለሁለት ክፈሏት፣ አንድ ሌሊት ዘፍዝፋችሁ ረዘም ባለ ሃይላንድ ውስጥ ዝሩ። ሥሯ መነካት አትወድም፤ ከተዛወረች ተቆጥታ ወዲያው ታብባለች። በሰኞ ገበያ በእቅፍ የሚሸጠው ደረቅ የበሶብላ ዛላ በመዳፍ ሲታሽ ጥቁር ዘር ያራግፋል። ዘሩ ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ ያዝለገልጋል፤ ጤነኛ ነው፣ አትደንግጡ። ላዩ ላይ በትነው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አፈር ብቻ ይነፉበት፤ ከ20 ዲግሪ በታች ግን አይንቀሳቀስም። ፓርስሌ ሦስት አራት ሳምንት ያስጠብቃል፣ አንድ ቀን መዘፍዘፍ ይረዳዋል። ሮዝመሪና ኮሰረትን በዘር ማፍላት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ከጎረቤት 10 ሴንቲ ሜትር ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ እርጥብ አሸዋ ላይ መትከል ነው።

መቼ ይዘራ? በየካቲት መጨረሻ ለማዛወር ቃሪያ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሽንኩርት በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ቲማቲም በጥር መግቢያ፣ ጥቅል ጎመን በጥር 10 ገደማ፣ ሰላጣ በጥር መጨረሻ። ቀድሞ የዘራ ሰው አያተርፍም፤ ትሪ ውስጥ የቆየ ቲማቲም ሥሩ ተጠምጥሞ አበባ ይዞ ይሄድና ማሳ ላይ ይቆማል። የበልግ ዝናብ ደግሞ ቀን አያከብርም፤ ቢዘገይ ውኃ የምታጠጡበት ጀሪካን ይኑራችሁ።

ሙቀቱና ብርሃኑ

ዘሩ አፈር ውስጥ እያለ የሚፈልገው ሙቀት ነው፣ ብርሃን አይደለም (ሰላጣ ብቻ ብርሃን ይወዳል፤ ላዩ ላይ በትነው በስሱ ይጫኑት፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ እንቢ ይላል)። እርጥብ አፈር ውኃው ስለሚተን ከክፍሉ አየር ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ «ቤታችን ሞቃት ነው» ማለት አፈሩ ሞቋል ማለት አይደለም። ፍሪጅ አናት ጥሩ ቦታ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ክፍልም ጥሩ ነው፤ ትሪው ከምጣዱ አጠገብ እንጂ በላዩ አይቀመጥ፣ የምጣድ ትርፍ ሙቀት ዘር ይቆላል። የማሞቂያ ምንጣፍ ፍለጋ ገንዘብ አታውጡ፦ ማታ አምስት ሊትር ጀሪካን በሙቅ ውኃ ሞልቶ ካርቶን ውስጥ ማስገባት፣ በላዩ እንጨት አጋድሞ ትሪውን ማስቀመጥ፣ ካርቶኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ መጠቅለል ነው። ለቃሪያ ይህን አሥር ሌሊት የሠራ ሰው ልዩነቱን ያየዋል።

ዘሩ ብቅ ባለበት ቀን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ብርሃን በብዛት፣ ሙቀት በልኩ። በሙቅና በጨለማ ክፍል የተተወ ቡቃያ በሁለት ቀን እንደ ክር ይሳባል፤ የተሳበ አንገት ተመልሶ አያጥርም። ቲማቲም ብቻ እስከ ቅጠሉ ድረስ ተቀብሮ ቢተከል ከግንዱ ሥር ስለሚያወጣ ይድናል። ጎመንና ሰላጣ እንዲህ አይድኑም።

መስኮቱ ይበቃል? በየትኛው ወር እንደሆነ ይወስነዋል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በታኅሣሥና በጥር የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ለበልግ ችግኝ ይሆናል። በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት አናት ላይ ትደርሳለች፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ስለዚህ ለበልግ የሠራው ያው መስኮት ለክረምት ችግኝ አይሠራም። ከጦሳ ሥር ያሉ ሰፈሮች ደግሞ የከሰዓቷን ፀሐይ ተራራው ይቀማቸዋል፤ የምሥራቅ መስኮት ይጨምሩ። በየቀኑ ትሪውን አዙሩት።

መስኮት ለሌለው 120 ሴንቲ ሜትር፣ 18 ዋት የሆነ ነጭ የኤልኢዲ ዱላ መብራት ጥሩ ግዢ ነው። ማሸጊያው ላይ 6500 ኬ የሚል ፈልጉ፤ ቢጫ የሚያበራው ለሳሎን ይሁን። ሁለት ዱላ ጎን ለጎን ሁለት ትሪ በርዝመት ይሸፍናል። ከቅጠሉ በላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መሰቀል አለበት፤ ስህተቱ ያለው እዚህ ነው፣ ሰው ጣሪያ ላይ ያለውን መብራት አብርቶ «ብርሃን ሰጠሁት» ይላል። በገመድ ይንጠልጠል፣ ችግኙ ሲያድግ ከፍ ይበል። በቀን 14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ። ሁለቱ ዱላ በቀን 15 ሰዓት ቢበሩ በወር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፣ ከምጣዱ ጋር አይወዳደርም። መብራት ሲጠፋ አትጨነቁ፤ አንድ ቀን ጨለማ አይገድልም፣ ብቻ ትሪውን ከሙቁ ክፍል አውጥታችሁ ቀዝቀዝ ወዳለው ውሰዱት፣ እንዳይሳብ። የሽቦው መገናኛ ከውኃ ይራቅ።

ውኃውን በሳፋ ስጡ፦ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውኃ፣ ትሪው ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይቀመጥበት፣ ላዩ ሲጠቁር ይውጣና ይንጠፍጠፍ። ጠዋት ይሁን። የጥር የደሴ ቧንቧ ውኃ ሥር ያስደነግጣል፤ ማታ ቀድቶ ቤት ማሳደር ነው።

አንድ ጠዋት ቀጥ ብለው ያደሩ ቡቃያዎች በአንድ ጥግ ተጋድመው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ከአፈሩ ጋር የሚገናኘው አንገት ግን ቀጥኖ፣ ውኃ መስሎ፣ እንደ ክር ተሸብሽቧል። በአፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ነው፤ ብርድ፣ ውኃና የታፈነ አየር ሲገጥሙለት ይነሳል። የወደቀው አይነሳም። ከነአፈሩ አውጡትና ውኃውን ለሁለት ሦስት ቀን አቁሙ፣ መስኮት ክፈቱ። አመድ መነስነስ የተለመደ ነው፤ ስስ ከሆነ ላዩን ያደርቃል፣ ከበዛ አፈሩን ያጨወዋል፣ በሽታውን ግን አያድንም። ማንኮዜብ የሚባለውን ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ገዝቶ ቤት ውስጥ መርጨት ሰው በሚተኛበት ክፍል የማይሞከር ነው። የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ አልጎደለውም፤ አፈሩ ስለበረደ ሥሩ ፎስፈረሱን መውሰድ አቅቶት ነው፣ ሲሞቅ ይመለሳል።

ዝግጁ ችግኝ መግዛትስ?

ሃያ ሥር ጎመን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ ከመልፋት መግዛት ያዋጣል። ኮምቦልቻ ላይ ለሚተከል የኮምቦልቻ ችግኝ ችግር የለበትም። ወደ ደሴ ሲወጣ ግን በአንድ ቀን 4 ዲግሪ ስለሚቀንስበት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ልምምድ ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ የፈላውም እንደዚሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ጥላ ላይ፣ በየቀኑ እየጨመረ፣ ማታ ማታ እየገባ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች እስከሆነ ቲማቲምና ቃሪያ ደጅ አይደሩ።

ስትገዙ ትልቁን አትምረጡ። አበባ የያዘ ቲማቲም ያረጀ ነው። አጠር፣ ወፈር ያለ፣ አምስት ስድስት ቅጠል ያለው፣ ሥሩ ነጭ የሆነው ይሻላል። የቲማቲሙን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሱና በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ የሄደ ነጭ ንጣፍ ካያችሁ የቱታ አብሶሉታ ትል ነው፤ ይዛችሁት ወደ ጓሮ አትግቡ። ሥሩ እርቃኑን ሆኖ በጆንያ የሚሸጠው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ሻጩ ውኃ ቢረጭበትም አይታመን፤ ሥሩን በጣት ስትነኩት ቡናማና ሽቦ ከመሰለ ሞቷል። ያመናችሁትን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ትከሉት፦ ጥቅል ጎመን በመስመር መሐል 60፣ በተክል መሐል 40 ሴንቲ ሜትር፤ ቃሪያ 70 በ30፤ ቲማቲም 100 በ30። ጉድጓዱ ቀድሞ ውኃ ይጠጣ፣ ለሦስት ቀንም በቅጠል ይጠለል።